ጎማ የሚመረጠው ለከባዱ ደቂቃ ነው፦ የስፖርት መኪና ጎማና የውርጌሳ መንገድ

(በወልድያ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ንግግሬ «ለስፖርት መኪና ምትክ ጎማ እንዴት ይመረጣል?» በሚል ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «በወልድያ የስፖርት መኪና የት አለና?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

የስፖርት መኪና ጎማ ራሱን የቻለ የምህንድስና ጥያቄ የሆነው በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ፒሬሊ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ፒ 7 የተሰኘውን ሰፊና ጎኑ አጭር ጎማ ያዘጋጀው ላንቺያ ስትራቶስ ለምትባለው የራሊ መኪና ነበር። ጎማው ብዙም ሳይቆይ ወደ ፖርሽ የመንገድ መኪኖች ተሻገረ። መሐንዲሶቹ ሊፈቱት የፈለጉት ችግር ሦስት ገጽታ ነበረው። አንደኛ፣ ሞተሩ በቅጽበት የሚለቀው ጉልበት ከፍተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ያ ጉልበት በአብዛኛው ወደ ኋላ እግሮች ይሄዳል። ሦስተኛ፣ መኪናው ሲጠመዘዝና ሲቆም ጎማው ላይ የሚያርፈው ኃይል ተራ ጎማ ከሚችለው በላይ ነው። ከዚህ የተነሣ የኋላው ጎማ ከፊተኛው እንዲሰፋ የማድረግ ልማድ በስፖርት መኪኖች ዘንድ ተስፋፋ።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በ2016 ዓ.ም. ካሳወቀ ወዲህ፣ አዲስ የሚገቡት የቤት መኪኖች የኤሌክትሪክ ሆነዋል። ከእነዚህ መካከል በመንገዶቻችን ላይ የሚታየውን ፎልክስዋገን አይዲ 4 እንውሰድ። ይህ መኪና ባዶውን ክብደቱ ከ2000 ኪሎ ግራም ያልፋል። ሞተሩ ጉልበቱን የሚለቀው ፔዳሉ በተረገጠበት ቅጽበት ነው። መደበኛው ሞዴል የሚነዳው በኋላ እግሩ ነው። የፊት ጎማው ስፋት 235 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው 255 ሚሊ ሜትር ነው። ባለቤቱ የቤተሰብ መኪና ገዝቶ ይሆናል፤ ጎማው ሲያልቅ ግን የሚገጥመው የስፖርት መኪና ባለቤት ጥያቄ ነው። ጥያቄው ወልድያ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

መልሱን የምፈልገው ሁላችንም በምናውቀው መንገድ ላይ ነው። ከደሴ ተነሥተን በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳና በመርሳ አድርገን ወልድያ ስንደርስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል እንጓዛለን። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን መርሳ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከሉ አቀበት ቢኖርም፣ የጉዞው ድምር 900 ሜትር ያህል መውረድ ነው። ከነተሳፋሪውና ከነዕቃው 2500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ 22 ሚሊዮን ጁል ገደማ ጉልበት ይለቃል። ይህ ከ6 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። ከፊሉን የአየርና የጎማ ሰበቃ ይውጠዋል፤ የቀረውን ወይ ፍሬኑ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፣ ወይ ሞተሩ ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። በሁለቱም መንገድ መኪናውን የሚይዘው ኃይል ከአስፋልቱ የሚመጣው በአራቱ ጎማዎች በኩል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጎማ መሬቱን የሚነካበት ስፋት ደግሞ 220 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ማለትም አንድ ትልቅ ሰው የዘረጋው እጅ ቢያክል ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ከባዱ ደቂቃ የትኛው ነው? እኔ የምመርጠው ይህን ነው፦ ወሩ ሐምሌ ነው፤ ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ እየወረድን ነው፤ ዝናቡ ገና መጣሉ ነው፤ ጎርፍ አፈርና ጠጠር ወደ አስፋልቱ አውጥቷል፤ ከኩርባው ማዶ ከገበያ የሚመለስ ሰው በጎቹን እየነዳ መንገድ ያቋርጣል። ጎማ የሚመረጠው ለዚህች ደቂቃ ነው። በቀሪው ጊዜ ሁሉ ማንኛውም ጎማ ይሽከረከራል።

ደቂቃዋን በቁጥር እንያት። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ቁልቁለቱን ለስሌት ያህል 7 በመቶ እንበለው። በእርጥብ አስፋልት ላይ ጥሩ ይዞታ ያለው ጎማ የሰበቃ መጠኑ 0.6፣ ያረጀና ጥርሱ ያለቀ ጎማ ደግሞ 0.4 ነው ብለን እንነሣ። ፍሬን ከተያዘበት ነጥብ አንሥቶ የመጀመሪያው መኪና በ47.5 ሜትር ውስጥ ይቆማል፤ ሁለተኛው 76 ሜትር ይፈልጋል። ልዩነቱ 29 ሜትር ያህል ነው። ነገሩን የበለጠ የሚያጎላው ሌላ ስሌት ነው፦ የመጀመሪያው መኪና በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ሲያልፍ ፍጥነቱ ገና በሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት የተገጨ እግረኛ ለከባድ ጉዳት ወይም ለሞት ሊዳረግ ይችላል። ሁለቱ መኪኖች አንድ ዓይነት ሞተር፣ አንድ ዓይነት ፍሬንና እኩል ጠንቃቃ ሾፌር ሊኖራቸው ይችላል። የሚለያቸው ጎማው ብቻ ነው።

ውሃው ሲበዛ ሌላ ችግር ይመጣል። ጎማው ውሃውን ገፍቶ ማስወጣት ሲያቅተው በላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የአሜሪካው ናሳ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ ባወጡት ቀመር መሠረት፣ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት በውስጡ ካለው ግፊት ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ይሄዳል። ግፊቱ 250 ኪሎ ፓስካል ሲሆን ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግፊቱ ወደ 180 ከወረደ ፍጥነቱም ወደ 85 ይወርዳል። ቀመሩ መጀመሪያ የተሠራው ለአውሮፕላን ጎማ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ግምት ውሰዱት። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ ውድ ጎማ ገዝቶ ነፋሱን አለመለካት የከፈሉበትን ነገር መጣል ነው።

እስከ አሁን ያልሁት ለማንኛውም መኪና ይሠራል። ከዚህ ቀጥሎ የምለው ግን የፊትና የኋላ ጎማው ስፋት የሚለያይ መኪናን ይመለከታል። በተለይ ተማሪዎቻችን እንዲያስተውሉት እወዳለሁ።

ተራ መኪና ያለው ሰው ጎማዎቹ እኩል እንዲያልቁ የፊተኛውን ወደ ኋላ፣ የኋለኛውን ወደ ፊት ያዛውራል። የጎማው ስፋት ከተለያየ ይህ አይቻልም። ጎማው የመሽከርከሪያ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ካለው ደግሞ ከቸርኬው ሳይፈታ ከግራ ወደ ቀኝ እንኳ አይዛወርም። በኋላ እግሩ የሚነዳ የኤሌክትሪክ መኪና አቀበቱን የሚገፋው በኋላ ጎማው ነው፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ኃይል ወደ ባትሪ እየመለሰ የሚይዘውም በዚያው ጎማ ነው። ስለዚህ የኋላው ጎማ ከፊተኛው ቀድሞ ያልቃል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለቤቱ ከፊት ጥርሱ ጥልቅ፣ ከኋላ ጥርሱ የሳሳ መኪና ይዞ ይገኛል።

ይህ በእርጥብ ኩርባ ላይ ከሁሉ የከፋው አሰላለፍ ነው። የፊት ጎማው ይዞታውን ቢያጣ መኪናው ወደ ፊት ቀጥ ይላል፤ ሾፌሩም ፍጥነት ቀንሶ ሊመልሰው ይችላል። የኋላው ቀድሞ ከለቀቀ ግን መኪናው ዞሮ ጎኑን ይሰጣል፤ አብዛኛው ሾፌር ከዚያ በኋላ ምንም ማድረግ አይችልም። መረጋጋትን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት ይረዳል፤ ጎማው የሌለውን ይዞታ ግን ሊፈጥርለት አይችልም። በዚህ ምክንያት እንዲህ ላለው መኪና የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር፦ የኋላ ጎማዎቹን ጥርስ በየወሩ ለኩ፤ ሕጋዊው ወለል እስኪደርስ አትጠብቁ። በብዙ አገሮች ሕጉ 1.6 ሚሊ ሜትር ይፈቅዳል፤ በጥርሱ መካከል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች የሚያመለክቱትም ይህንኑ ነው። ክረምቱን በውርጌሳ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ግን 3 ሚሊ ሜትር የመለወጫ ጊዜ ነው እላለሁ።

ምትኩን ለመግዛት ስንሄድ ምን እናንብብ? የጎማው ጎን መጽሐፍ ነው። «255/50 አር 19 107 ቪ» የሚል ጽሑፍ ቢኖር፣ 255 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 50 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ ነው፤ 19 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 107 የጭነት ምልክት ሲሆን አንዱ ጎማ 975 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም ይናገራል። ቪ ደግሞ በሰዓት እስከ 240 ኪሎ ሜትር መቋቋሙን ያሳያል።

«እዚህ ማን በ240 ይነዳል?» ትሉኝ ይሆናል። ማንም። ይሁንና የፍጥነት ፊደሉ የጎማውን ሙቀት የመቻል አቅምና የጎኑን ጥንካሬም ይጠቁማል። ሁለቱም በረዥም ቁልቁለትና በቆላ ሙቀት ዋጋ አላቸው። ስለዚህ አምራቹ ካዘዘው ፊደል በታች መውረድን አልመክርም፤ ከዚያ በላይ ለመውጣት ተጨማሪ ገንዘብ መክፈልም አያስፈልግም።

ከጎማው ላይ የሚነበበው ሌላው ነገር ዕድሜው ነው። ዶት ከሚለው ምልክት በኋላ የሚመጡት የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሩናል። 2321 ማለት የ2021 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው። እዚህ ላይ ለእኛ የተለየ ወጥመድ አለ፤ ዓመቱ የአውሮፓውያን ነው። 2321 በእኛ አቆጣጠር የሰኔ 2013 መጀመሪያ ነው። በ14 የሚያበቃ ቁጥር ያየ ገዢ «የ2014 ነው፤ ብዙም አላረጀም» ብሎ ሊገዛው ይችላል። ጎማው የተመረተው ግን በ2006 ወይም በ2007 ዓ.ም. ነው። ላስቲክ ሳይነዳም፣ በመጋዘን ተቀምጦም ይደርቃል። ብዙ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም እንዲወገድ ይመክራሉ።

በአሜሪካ የምዘና ሥርዓት የሚጻፉ ሦስት ደረጃዎችም አሉ። አንደኛው የጥርሱን ዕድሜ የሚያወዳድር ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የሁለት ኩባንያዎችን ጎማ በእሱ ብቻ ማመዛዘን አይቻልም። ሁለተኛው በእርጥብ መንገድ የመቆም ደረጃ ነው፤ የሚለካውም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ስለሆነ ስለ ኩርባ አይናገርም። ሦስተኛው ሙቀት የመቋቋም ደረጃ ነው። ከአውሮፓ የመጣ ጎማ መለያ ወረቀቱ አብሮት ካለ፣ የእርጥብ መንገድ ይዞታውን ከኤ እስከ ኢ ባሉት ፊደላት ያሳያል። ከአንድ ዓይነት መጠን ሁለት ጎማ ቀርቦላችሁ መምረጥ ካቃታችሁ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህችን ፊደል ተመልከቱ።

ቀጥሎ የላስቲኩ ጠባይ ይመጣል። ለስፖርት መኪና የሚሸጡት ብዙዎቹ ጎማዎች «የበጋ» ይባላሉ። በረዶ በሌለበት አገር ይህ ስም ትርጉም የለሽ ይመስላል። ላስቲኩ ግን ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲቀዘቅዝ መጠንከርና ይዞታውን መቀነስ ይጀምራል። ከወልድያ በቻይናው መንገድ ወደ ጋሸና የሚወጣ ሰው 3000 ሜትር ወደሚጠጋ ከፍታ ይደርሳል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት በዚያ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። በአንጻሩ ወደ ቆቦ የሚወርድ ሰው የራያን ሜዳ ሙቀት ያገኛል። ስለዚህ ሥራው በመርሳ፣ በወልድያና በቆቦ መካከል የሆነ ሰው የበጋውን ጎማ ቢመርጥ ተገቢ ነው። ደጋውን በንጋት የሚያቋርጥ ሰው ግን ለሁሉም ወቅት የተሠራውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ በሞቃት አስፋልት ላይ ጥቂት ይዞታ ያጣል፤ በብርዱ ንጋት ግን ያተርፋል።

ከፍታ የነፋስ ልኬትንም ይነካል። ጌጁ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው። ከደሴ ወደ መርሳ ስንወርድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር ልዩነቱ 9 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይቀንሳል። በሌላ በኩል የጎማው ሙቀት በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ግፊቱ 10 ኪሎ ፓስካል ገደማ ያድጋል። ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚካካሱ መንገድ ላይ ቆሞ ከጋለ ጎማ ነፋስ ማስተንፈስ ስሕተት ነው። ልኩ የሚወሰደው ጠዋት፣ ከመነሻው፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደርሰናል። መጽሐፉ የሚያዝዘው ጎማ በገበያው ላይ የለም እንበል፤ ወይም ዋጋው ከአቅም በላይ ነው። ምኑን እንተው? ምኑንስ ፈጽሞ አንተው?

ፈጽሞ የማይተዉ አራት ነገሮች አሉ፦ የጭነት ምልክቱ፣ ዕድሜው፣ በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት መሆናቸውና የእርጥብ መንገድ ይዞታው። ሊተዉ የሚችሉት ደግሞ የታወቀው ስም፣ የጎኑ መልክና የቸርኬው ትልቅነት ናቸው። ስለ ቸርኬው ጥቂት ልጨምር። አንዳንድ ባለንብረቶች መኪናቸውን ለማስዋብ ትልቅ ቸርኬና ጎኑ አጭር ጎማ ያስገጥማሉ። በእኛ መንገድ የተገላቢጦሹን ማድረግ ይሻላል። ለአይዲ 4 ፋብሪካው ራሱ ባለ 19ም ባለ 18 ኢንችም ቸርኬ ያቀርባል። የፊት ጎማውን ብናሰላ፣ 235/55 አር 19 ዲያሜትሩ 741 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 235/60 አር 18 ደግሞ 739 ገደማ ነው። የፍጥነት መለኪያው ልዩነቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የጎማው ጎን ግን ከ129 ወደ 141 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ቸርኬውን ከመጣመም፣ ጎማውን ከመፈንዳት የምታድነው ይህች 12 ሚሊ ሜትር ናት። ለውጡ ግን አምራቹ ለዚያ ሞዴል በፈቀደው መጠን ብቻ መሆን አለበት፤ ትንሹ ቸርኬ ከፍሬኑ ጋር ሊጋጭ ይችላልና።

ስለ ስኮርታም አንድ ቃል። ብዙ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ስኮርታ ጎማ ሳይኖራቸው፣ የመድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕሬሰር ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ፈሳሹ ሚስማር የበሳውን ይደፍናል፤ ድንጋይ የቀደደውን ጎን ግን አይጠግንም። ከደሴ ወልድያ በሚመላለስ መኪና ውስጥ ስኮርታ ቅንጦት አይደለም።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ቤታችሁ የምትገቡት በኤሌክትሪክ መኪና እንዳልሆነ አውቃለሁ። አብዛኞቻችን የምንሳፈረው በሃይስ ነው። ሕጉ ግን ለእሱም ያው ነው። የሃይስ የተለመደ ጎማ 195 አር 15 ሲ ሲሆን፣ የጭነት ምልክቱ 106 ከሆነ አንዱ ጎማ 950 ኪሎ ግራም ይሸከማል። 195/65 አር 15 የተባለው የአውቶሞቢል ጎማም በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ ይገባል፤ ስፋቱም እኩል ነው። ምልክቱ 91 ከሆነ ግን የሚሸከመው 615 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ዓይን ልዩነቱን በቀላሉ አያየውም፤ ጎሚስታውም ገዢው ያመጣለትን ይገጥማል። ሞልቶ የተጫነ ሃይስ በእንዲህ ዓይነት ጎማ የውርጌሳን ቁልቁለት ሲወርድ፣ ተሳፋሪዎቹ የማያውቁት ስሌት በእነሱ ላይ እየተሠራ ነው።

በዚህ ላይ ሾፌሩን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። ጎማ ውድ ነው፤ የብዙ ሾፌሮች መኪና የባለንብረቱ ነው፤ ሾፌሩ የዕለት ገቢ ያስገባል እንጂ የጎማ ምርጫ አይሰጠውም። ጎሚስታው ደግሞ ቁጥሩን የሚያነብበት ሰንጠረዥ አልቀረበለትም። እውቀቱ ያለው እኛ ዘንድ ነው፤ አደጋው የሚደርሰው እነሱ ዘንድ ነው። ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቅርቤ ንግግሬን እቋጫለሁ። የመኪና ምህንድስና ተማሪዎቻችን ክረምት ከመግባቱ በፊት በሰኔ ወር፣ የጥርስ ጥልቀት መለኪያና የነፋስ ጌጅ ይዘው በወልድያና በመርሳ መናኸሪያዎች ለሁለት ሳምንት ይቁሙ። ለቅጣት ሳይሆን ለልኬት ይሁን፤ ታርጋ አይመዝገብ። ጥልቀቱን፣ ግፊቱን፣ የጭነት ምልክቱንና የተመረተበትን ዓመት ይመዝግቡ፤ ለሾፌሩም ውጤቱን በአማርኛ በተጻፈች ትንሽ ወረቀት ይስጡት። ዓመቱን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚመልስ ሰንጠረዥም በየጎሚስታው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከአንድ ጎማ ዋጋ አይበልጥም። የሚሰበሰበው መረጃ ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል፤ ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራም ጠቃሚ ግብአት ይሆናል።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።